መነጽር ሠሪው ያያት ሞተርሳይክል

ባሌ ቀናተኛ ነው፤ በእኔ ግን ቀንቶ አያውቅም። ይኼን የምለው ቅር ብሎኝ ነው። በሠርጋችን ዕለት ከአንድ መልከ መልካም የሩቅ ዘመዴ ጋር እየሳቅሁ ስደንስ ዓይኔን ወርውሬ ብፈልገው፣ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ከመንገዱ ማዶ የቆመች ሞተርሳይክል ያያል። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ሙሽራ ምን ትጠረጥራለች?

ሥራው መነጽር መሥራት ነው። ከቤታችን ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል ሱቁም ናት፣ መሥሪያ ቤቱም ናት። ሌንስ ይሞርዳል፣ በፍሬሙ ልክ ያስገባል፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ማንም የማያየውን ጭረት እሱ ያያል። እኔ ከላይ መጋረጃ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ ድምፅ ትንሽ ሲቆም ከታች «ምነው?» ይለኛል፣ «ክር ተበጠሰ» እለዋለሁ፤ ኑሯችን ይኼው ነው። መጥፎ አልነበረም።

ጓደኛው መንገዱ ጥግ ላይ ዳቦ ቤት አለው። ጋጋሪው እንለዋለን፤ የገዛ ሚስቱም ጋጋሪው ነው የምትለው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። ከባሌ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ልጆች ሳሉ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ አንድ ሰውዬ የጃፓን የእሽቅድድም ሞተርሳይክል ይዞ ሽው ብሎ አለፈ። ነጭና ቀይ ናት፤ ፊቷ ላይ ሁለት ክብ መብራት አላት፤ ጃፓኖቹ ለውድድር ብለው ጥቂት ብቻ ሠርተው ያቆሟት ዓይነት። ያዩዋት አንድ ጊዜ ነው። ያ አንድ ጊዜ ዕድሜያቸውን በላው።

እሑድ እሑድ ከሰዓት ሁለቱ ከታች ባለው ክፍል ይቀመጡና ያረጁ የሞተር መጽሔቶች ያገላብጣሉ። ማን ቀድሞ እንዳያት እስከ ዛሬ ይጣላሉ። «እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋት» ይላል ባሌ። «እሺ አንተ ነህ ያየሃት፤ ድምፅዋን ቀድሜ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ» ይላል ጋጋሪው፤ ከዚያ ይስቃል። ባሌ አይስቅም።

አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ወርጄ «ታዲያ ብታገኟት ማናችሁ ነው የሚነዳት?» ብላቸው፣ ነውር እንደተናገርኩ ሁሉ እኩል ቀና ብለው አዩኝ። ለካስ እንዲህ ያለችው አትነዳም። ትቆማለች፣ ትወለወላለች፣ ትታያለች። ሕግም አላት። ቀለሟ ፋብሪካው የቀባት መሆን አለበት፤ ብሎኗ ሳይቀር የራሷ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንገቷ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥርና ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር መነሻ ፊደላቸው የአንድ ሞዴል መሆን አለበት። ሞተሩ ከሌላ ተነቅሎ የገባ ከሆነ፣ ብትሄድም ብትበርም ለእነሱ ሞታለች። እኔ የስፌት መኪናዬን ሞተር ሁለት ጊዜ አስቀይሬያለሁ፤ ማንም የሐዘን ቤት አልተቀመጠም።

ባለፈው ክረምት ጋጋሪው ሽርጡን ሳያወልቅ፣ ዝናቡ እየደበደበው ሮጦ መጣ። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።

«አገኘኋት» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳቦ የምትገዛው አንዲት ጡረታ የወጣች የሙዚቃ መምህርት አለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን ቤቷን ለቃ ልጇ ዘንድ ልትኖር ነው። ዳቦዋን እየተቀበለች፣ ደረጃ ሥር የቆመች የባሏን ሞተርሳይክል የሚፈልግ ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ጋጋሪው ቀለሟን ጠየቃት። ነጭና ቀይ አለችው። መብራቷን ጠየቃት። ሁለት፣ ክብ ክብ አለችው። ከዚያ በኋላ ለሴትዮዋ መልሷን እንኳን ሳይሰጣት ነው የመጣው።

ባሌ እጁ ላይ የነበረውን ሌንስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እንኳን ደስ ያለህ» አለ። ጥርስ ባዳ ነው፤ ሳቀለት። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ጋጋሪው አላየም፤ ደስታ ዓይን ይጋርዳል።

«አንተ ሳታያት አልገዛም» አለ ጋጋሪው። «እኔ ቁጥር ባይ ምን አውቃለሁ? ቅዳሜ አብረን እንሂድ። ሞተሩ የራሷ ነው ካልከኝ እዚያው እከፍላለሁ። አይደለም ካልከኝ ትቅርብኝ።»

ከዚያች ቀን እስከ ቅዳሜ ባሌን ቅናት እንዴት እንደበላው የማውቀው እኔ ነኝ። ይቀመጥና ይነሳል። የአንዲትን አሮጊት የቀኝ ሌንስ በግራ ገጥሞ ሰጣት፤ ሴትዮዋ ግድግዳ ልትመታ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ምሳ ላይ ማንኪያውን ይይዝና ይተወዋል።

«ለምን እሱ ዘንድ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ምኑ?»

«ሴትዮዋ። ለምን ለእሱ ነገረችው? እሱ እኮ ብሎን ከምስማር አይለይም።»

«ዳቦ ስለሚሸጥ ነዋ» አልኩት። «ዳቦ ሰው በየቀኑ ይገዛል። አንተ ጋ ሰው የሚመጣው መነጽሩ ላይ ሲቀመጥበት ነው።»

«እኔ ስንት ዓመት ፈለግኋት? በየጋራዡ፣ በየመጋዘኑ የዞርኩት እኔ ነኝ። እሱ ከሚዛኑ ኋላ ቆሞ ሳለ እግሩ ድረስ መጣችለት።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ያግባት፤ አንተ ሚዜ ትሆናለህ» አልኩት። ሊስቅ ይገባው ነበር። ወጥቶ ሄደ።

እኔም ቀናሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት አጠገቡ የተኛሁ ሴት ሳለሁ፣ ደረጃ ሥር አቧራ ለብሳ ለቆመች ብረት ሰውዬው እህል ዘጋው። ጣውንት ብትሆን ወጥቼ ፀጉሯን እነጭላት ነበር። የብረት ምኗ ይነጫል?

ቅዳሜ እኔም አብሬ ሄድኩ። መምህርቷ የምትሸጣቸው ወፍራም መጋረጃዎች አሏት ተብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጣውንቴን ለማየት ነው። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። ፒያኖው የነበረበት ግድግዳ ላይ ደማቅ ቀለም ቀርቷል። መምህርቷ ቀጭን፣ ጣቶቿ ረጃጅም፣ አረማመዷ እንደ ወጣት የሆነ ሴት ናት። «ባሌ ከገዛት በኋላ ወገቡን ታመመና ብዙም አልነዳትም» አለችን። «እኔም ልሸጣት አንጀቴ አልቻለም ነበር። አሁን ግን የት እወስዳታለሁ?»

ጋጋሪው አንሶላውን ሊጥ እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብሎ ገለጠው።

እሺ፣ ታምራለች። አልዋሽም። ጎማዎቿ ተንፍሰው፣ አንዱ መስታወቷ ላይ ሸረሪት አድርቶ፣ እንዲያም ሆና ታምራለች። የቤንዚን ታንኩ ላይ ያለው ቀይ አሁን ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ጋጋሪው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሊነካት ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ባሌ እሷን አልነበረም የሚያየው። ጋጋሪውን ነበር የሚያየው። እንደዚያ ሲያይ አይቼው አላውቅም፤ ደነገጥኩ።

ከዚያ ማጉያ መስታወቱን አውጥቶ ተንበረከከ። ጋጋሪው የእጅ ባትሪ አበራለት። መጀመሪያ አንገቷን አየ። «ሻንሲዋ የራሷ ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ወረደ፣ በአውራ ጣቱ አቧራውን ጠረገ፣ ፊቱን አስጠግቶ አየ። ቆየ። በጣም ቆየ። እኔና መምህርቷ መጋረጃውን አጠፍን።

ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ።

«ሞተሩ የእሷ አይደለም» አለ። «ፊደሉ የሌላ ሞዴል ነው። ተቀይሯል።»

«ባሌ እንኳን ምንም አላስቀየረም» አለች መምህርቷ።

«ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው ይሆናል» አለ ባሌ።

ጋጋሪው ባትሪው እጁ ላይ ነበር። ቁጥሩም እዚያው ነበር። ጎንበስ ብሎ «እስቲ እኔም ልየው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አላለም። «ይሁን እንግዲህ» አለና አንሶላውን መልሶ አለበሳት፤ ጠርዙን ሳይቀር አስተካከለ። መንገድ ላይም ያጽናና የነበረው እሱ ነው። «ምቀኛ አታሳጣኝ ይላሉ፤ እኔን ግን አንተን የመሰለ ጓደኛ አያሳጣኝ» አለው ለባሌ። «ባትኖር ኖሮ በሬሳ ላይ ነበር ገንዘቤን የምጥለው።»

በማግስቱ ባሌ እሑድ ሆኖ ሳለ መሞረጃውን አስነሳ። ወረድኩ። ምንም ሌንስ አልያዘም፤ ድንጋዩ ባዶውን ይዞራል።

«የራሷ ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ።»

መሞረጃውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የሰፈሩ ሰው ሰምቶታል። ጓደኛህን፣ አልኩት፣ ዓይንህን ያመነውን ሰው። ሴትዮዋንስ? እሷ ምን በደለችህ? ሙሉ ንብረቷን በአንድ ቃል ቁርጥራጭ አደረግህባት።

«ነገ ሄጄ እገዛታለሁ» አለ። «ሙሉ ዋጋዋን ነው የምከፍላት፤ ሴትዮዋ አትጎዳም። ቆይቼ ደግሞ ለእሱ እንደገና ሳየው የራሷ ሆኖ ተገኘ እለዋለሁ።» ከዚያ የቆመውን ድንጋይ በጣቱ አዞረ። «እኔ ነኝ እኮ ቀድሜ ያየኋት።»

ትልቅ ሰው ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። አሻንጉሊት እንደተቀማ ልጅ ነበር የሚያወራው፤ አናደደኝም፣ አንጀቴንም በላው። «ነገ ጠዋት ዳቦ ቤት ሄደህ ትነግረዋለህ» አልኩት። «አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።» እሺ አለኝ።

ጠዋት ወጣ። ወደ ዳቦ ቤቱ የሄደ መስሎኝ ነበር። ለካስ ለኩሽና ማደሻ ያስቀመጥነውን ይዞ ወደ መምህርቷ ነው የበረረው።

የሆነውን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። በሩ ክፍት ነው። መምህርቷ የቧንቧ ሠራተኛ የሆነ ወንድም አላት፤ እሱ ግቢው ውስጥ መጋዝ ይዞ ቆሟል። ሞተሩ የለም። እሑድ ከሰዓት ተወስዷል። የወሰደው ትናንሽ የውድድር መኪና የሚሠራ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሞተር ሲፈልግ የኖረ። ያንን ሰው ፈልጎ ያመጣው ደግሞ ጋጋሪው ነው። ሴትዮዋ እንዳትከስር አዝኖላት። ሙሉዋን የሚገዛ ካልተገኘ፣ ሞተሩ ለብቻው ደህና ያወጣል ብሎ አሰበላት። የቀረው አካሏ ደግሞ በጠባቡ ኮሪደር ዕቃ አላሳልፍ ስላለ፣ ወንድምየው አልሙኒየም ነው፣ በኪሎ ይሸጣል ብሎ ለሁለት ቆርጦታል። ባሌ ሲደርስ ሁለቱ ቁራጮች ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ቀዩ ታንክ ለብቻው መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ይኼን ደግሞ ሊወስዱት ነው?» አለው ወንድምየው፣ ሥራ በመፍታቱ ቅር ብሎት።

ባሌ ተመልሶ ሱቁ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ቆርጠዋታል» አለኝ። እኔም ከአፌ የወጣው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ነው። ማጽናናት አላማረኝም። ቀጥዬ «አሁንስ ትሄዳለህ?» ልለው ስል በሩ ተከፈተ።

ጋጋሪው ነበር። ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወንበር ስቦ ባሌ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ሰማህ አይደል?» አለ። «ቆራርጠው አወጧት። ምንም የራሷ ሞተር ባይሆን፣ ያ መልኳ... ትንሽ ሆዴን ባር ባር አለው።» አፍንጫውን ጠረገ። «ለነገሩ ብገዛትስ የት ላቆማት ነበር? ዳቦ ቤቱ እንደሆነ ዱቄት ነው፤ ዱቄት የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ። እዚህ ነበር ያሰብኳት።»

«የት እዚህ?» አለ ባሌ።

«እዚህ ነዋ። መስኮቱ ሥር። ቅዳሜ ልንሄድ ስንል አንተ ወደ ላይ ስትወጣ በክንዴ ለክቼዋለሁ፤ መደርደሪያውን ትንሽ ብናስጠጋው ልክ ትገባለች። ቁልፉን አንተ ትይዛለህ። አንተ ነህ የምታውቃት፣ እኔ ብወለውላት እጨርሳታለሁ እንጂ።» ወደ እኔ ዞረ። «የፈራሁት አንቺን ነው እንጂ። ልብስ ትሰፊላታለሽ ብዬ ላባብልሽ ነበር።»

የዚያን ጊዜ የባሌን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ወረቀቱን እየፈታሁ ዳቦውን አየሁ።

«ሞተሩ የራሷ ነበር» ሲል ሰማሁት።

ጋጋሪው ቀና አለ። «አይደለም ብለህ የለም እንዴ?» አለ።

«ብያለሁ።»

ከዚያ ጋጋሪው፣ ይህን መቼም አልረሳለትም፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የባሌን ጉልበት ያዘ። «ጨለማ ነበር እኮ» አለው። «ባትሪውም ደክሟል፣ እኔው ነኝ ሳልቀይረው የመጣሁት። ቁጥሩም አቧራ በልቶታል። ዓይን ይሳሳታል፤ አንተም ሰው ነህ። በዚህ ነው እንዴ እንዲህ የሆንከው?»

ማምለጫ በር ከፈተለት። ባሌ እሺ ብሎ ቢገባበት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔም ብሆን፣ እውነቴን ነው፣ ግባበት ያልኩት በልቤ።

«አልተሳሳትኩም» አለ ባሌ። «አጥርቼ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቀናሁብህ።»

ጋጋሪው እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። በባሌ ሱሪ ላይ የአምስት ጣት ዱቄት ቀረ። «ሴትዮዋስ?» ብሎ ጠየቀ። ባሌ ዱቄቱን አየ። ጋጋሪው ተነሳ፣ ወንበሩን ወደነበረበት መለሰ፣ እኔን «ደህና ዋይ» አለኝና ወጣ። አልጮኸም፣ በሩንም አላንገጫገጨም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ባሌ በሚቀጥለው ቀን መምህርቷ ዘንድ ሄደ። የኩሽናውን ገንዘብ ሰጥቷት የሆነውን ነገራት። ምን እንዳለችው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ኩሽናዬ እንደ ጠቆረ አለ። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እሑድ መጣ፣ ጋጋሪው አልመጣም። ሌላም እሑድ መጣ። ባሌ መጽሔቶቹን ጠረጴዛው ላይ ያወጣና ሳይከፍት መልሶ ያስገባቸዋል። ዳቦ የምገዛው እኔ ነበርኩ፤ ሚስቱ ናት የምትሰጠኝ፤ ያቺ ያለ ምክንያት የምትስቅ ሴት ለእኔ ጥርሷን ማሳየት ትታለች። ስመለስ ባሌ «አለ?» ይለኛል። «ከኋላ ነው፣ እየጋገረ» እለዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ተላጨ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ «አብረሽኝ ነይ» አለኝ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። የሚለውን ሲያጠና ሰምቼዋለሁ፤ ከሱቁ ውስጥ ለብቻው ያወራ ነበር።

ዳቦ ቤቱ ሰው ነበረበት። ሚስቱ የለችም፤ ከሚዛኑ ኋላ የቆመው ራሱ ጋጋሪው ነው። ተሰለፍን። ከፊታችን ያለችውን ሴት ስለ ልጇ ሳል ጠየቃት፣ ቀልዶባት አሳቃት። ተራችን ደረሰ። ባሌ አንድ እርምጃ ቀረበ፣ አፉን ከፈተ።

«ምን ልስጥዎት?» አለው ጋጋሪው።

በቁጣ አይደለም። ለማንም አዲስ ደንበኛ እንደሚለው ነው ያለው፤ በትሕትና። ባሌ ያጠናው ሁሉ ጠፋው። «ሁለት» አለ። ጋጋሪው ሁለት ዳቦ ጠቀለለለት፣ መልሱን ቆጥሮ እጁ ላይ አስቀመጠ፣ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ይዋሉ» አለው፤ ከዚያ ከኋላችን ያለውን ሰው አየ።

መንገዱን ሙሉ ዳቦው ስለሚያቃጥል ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየረ ነው የያዘው። ቤት ገብተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እንደቆመ ቀረ። ኮቱን ላወልቅለት ጠጋ ስል ዞሮ አየኝ።

«እርስዎ አለኝ» አለ።